የጓሮው ባቡርና የአባቴ ሽርጥ

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ

ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ከኢድ ወዲህ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ስትነሺ ግድግዳውን ትይዣለሽ? ያን የሰጠሁሽን ቅባት እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽው ከሆነ አልገረምም። ፍየሊቱስ ወለደች? ማንጎው ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ምራትሽ ሰአዳ ጉልበትሽን ትስማለች። የልጅ ልጅሽ ዩስራ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን መስላለች። ሙቀቱ ያው የምታውቂው ነው፤ ዝናቡ ግን ሰሞኑን ጀማምሮታል።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስነሳህ ትይኝ ይሆናል። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሺም። ብታነሺም ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ እፈራ ነበር። ሰፈራው እንደ ገባችሁ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽውን ፊደል እስከ ዛሬ አልረሳሽውም፤ የራስሽን ጉዳይ ሰው እንዲያነብልሽም አትወጂም። ስለዚህ ጎላ ጎላ አድርጌ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ከቤት ገብተሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የምጽፍልሽ ስለዚያ ስለ ጓሮው ባቡር ነው። እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ፤ በመጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ይህን ነው።

ጋምቤላ ባቡር ገብቶ አያውቅም፤ እኔም በዓይኔ አላየሁም። ያየሁት በስልኬ ነው። በሰው አገር በረሃ መሃል ድሮ ማዕድን ይወጣባቸው የነበሩ ከተሞች አሉ። ማዕድኑ ሲያልቅ ሰዉ ነቅሎ ሄደ፤ አሸዋው እስከ መስኮት ገብቶ፣ በሩ ተገንጥሎ፣ ሐዲዱ ዝጎ ከተሞቹ እንደዚያው ቀሩ። አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለውን ከተማ አሳንሶ በግቢው ሠርቶ፣ ክንድ የማትሞላ ባቡር ሲያስኬድበት አየሁ። ሬዲዮውን ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ሰውየው ሬዲዮውን አንስቶ ሄደ፤ አልፈርድበትም።

ከዚያ ወዲያ በጋውን ሙሉ ጓሮ ነበርኩ። አሸዋውን ከባሮ ዳር በባጃጁ ያመላለሰልኝ ጋትቤል ነው፤ ያ አንቺን ከመናኸሪያ ያመጣሽ ረጅሙ ሰውዬ። ሐዲዱን ከቀጭን ፌሮ፣ ከሥሩ የሚጋደመውን ከሽመል ሠራሁ። ሞተሯን ከመኪና የዝናብ መጥረጊያ፣ እግሯን ከአሮጌ ኩሽኔታ፣ ገላዋን ከዘይት ቆርቆሮ አወጣሁ። በሶላር ነው የምትሄደው፤ ደመና ሲመጣ ባለችበት ትቆማለች። መጀመሪያ ብረቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሜ በየድኩት፤ የቀትሩ ሙቀት ለጥጦ እንደ እባብ አጣመመው። ፈትቼ በየመገጣጠሚያው ትንሽ ክፍተት እየተውኩ እንደገና ሠራሁት። ሰአዳ ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ አልፈታሁም፤ ሱቁ ጥገና በሚጠብቅ ቬንቲሌተር ታጭቆ ነበር። ሰፈርተኛውም ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ያዘ ብሎ ሳቀ። ያኔ ያፈርኩት እንደዚህ ባለ ነገር ነበር።

ጋትቤል ብቻ አልሳቀም። የመጨረሻውን ጆንያ አሸዋ ሲያራግፍ ቤቶቹን አየና በዚያች በሚያውቃት አማርኛ፣ ሰውስ የታለ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው የለም፣ ጥለው የሄዱት ከተማ ነው አልኩት። ዘመዶቹ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። እኛም ድንበር ማዶ ጥለነው የመጣነው ሰፈር አለ፣ ግን እሱን ሠርቶ የሚያይ ሰው የለንም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጓሮዬን አልረገጠም፤ ከበር ላይ ሰላም ብሎኝ ይሄዳል።

በኢድ ቀን የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሺዋለሽ፤ ቢሆንም ልጻፈው። ምሳ በልተን፣ እነ ሁዘይፋና ሌሎቹ ባለሱቆች ግቢው ውስጥ ተቀምጠው፣ ዩስራ እጅሽን እየጎተተች ጓሮ አስገባችሽ። በርጩማ ላይ ተቀመጥሽ። ባቡሯ ስታልፍ ማሻአላህ አልሽ፤ ኩሽኔታውንም ለይተሽ አወቅሽው። ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅነቴ አንቺ ፊት ጎበዝ መባል አምሮኝ ነበር። ቀጥሎ ዓይንሽ ከሐዲዱ ማዶ ያለው ቤት ላይ አረፈ።

ሌሎቹን ቤቶች ከስልክ እያየሁ ነው የሠራኋቸው። ያን ቤት ለመሥራት ስልክ አላስፈለገኝም። በሩ አባቴ ራሱ እንዳዞረው ወደ መንገዱ ያያል። በስተግራ ማንጎው፣ ከጀርባ ጎተራው፣ ከማንጎው እስከ ቋሚው ድረስ ያንቺ የልብስ ገመድ። ጣሪያውን ግማሹን አፍርሼዋለሁ። በሩን ገንጥዬ አሸዋ ሞልቼበታለሁ። ሳላስበው ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

አንቺ ግን ስለ ጣሪያው አልተናገርሽም። የቤቱ ሰዎች የት ሄዱ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ለእንግዶቹ ጨዋታ አዋቂ ልምሰል ብዬ፣ ወርቅ ፍለጋ የሄደ ሰው መች ይመለሳል አልኩሽ። እነ ሁዘይፋ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ ግን ገና ከአፌ ሳይወጣ ታውቆኛል። አባቴ ወርቅ ልቆፍር ብሎ ዲማ ሲወርድ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ስኳርና ጨርቅ ይልክ ነበር፤ በኋላ ሰላምታ ብቻ፤ በኋላ እሱም ቀረ። አንቺ ግን ሐሙስ ሐሙስ ሽርጡን አጥበሽ ታሰጪዋለሽ፤ ድንገት ቢመጣ ለጁምዓ ንጹሕ ይልበስ ብለሽ። ይህን እያወቅሁ ሳቅሁ።

ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ገመዱን በጣትሽ ነካሽና፣ ሽርጡስ አልሽኝ። ረሳሁት አልኩሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ማንጎውን፣ ጎተራውን፣ የውሃውን በርሜል ሳይቀር ያልረሳ ልጅ ሽርጡን እንደማይረሳ አንቺ ታውቂያለሽ። ገመዱን የወጠርኩ ዕለት ከሰማያዊ ጨርቅ ቆርጬ ነበር፤ ላሰጣው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ።

በነጋታው የመጀመሪያው መኪና ሳያመልጠኝ ብለሽ፣ ፍየሊቱን ሰበብ አድርገሽ ተነሳሽ። ሰአዳ ስንቅ ስትቋጥርልሽ እኔ ቀና ብዬ ላይሽ አልቻልኩም። አንቺን ሸኝታ ስትመለስ ጓሮ ገብታ ቤቱን አየችው። እስከዚያ ቀን ልብ አላለችውም ነበር። ሰው ጠላቱን ሲረግም ቤትህ ኦና ይሁን ይላል፣ አንተ የናትህን ቤት በገዛ እጅህ ኦና አደረግኸው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማሾፏንም ተወች፤ ብታሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱን ላፈርሰው ጓሮ ስገባ ገመዱ ላይ ጨርቅ አገኘሁ። ጣት የምታክል፣ ከሻሽሽ ጫፍ የተቀደደች። መቼ እንዳሰጣሻት አላየሁም። ተቆጥተሽ ይሁን፣ ልጄ የረሳውን ላሟላለት ብለሽ ይሁን፣ ዱዓ ይሁን አላወቅሁም። ቤቱን ማፍረስ አቃተኝ። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰአዳ በመስኮት እያየችኝ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፤ ልነግርሽ የምችለውን ያህል። ጓሮውን መቆፈር የጀመርኩት ያን ሽማግሌ ስላየሁ ብቻ አይደለም። ቀደም ብሎ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ኻሊድ ከዲማ መጣ፤ ያ ከአባቴ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይቆፍር የነበረው የሰፈራችን ሰው። ሱቄ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ለጎረቤትሽ ለአባይነሽ የወንድሟን ነገር በስልክ የነገራትን ሰው እስከ ዛሬ ሰላም እንደማትዪው አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በወግ በወጉ ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።

ወጉን አውቃለሁ፤ ያኔውኑ መምጣት ነበረብኝ። መጀመሪያ መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። ጭቃው ሲደርቅ ማሽላዋን ትሰብስብ አልኩ። ረመዳን ሲገባ በፆም እንዴት ይሆናል አልኩ። ኢድ ሲመጣ ደግሞ ማን በኢድ ያደርገዋል። ኻሊድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ምን እየጠበቅህ ነው አለኝ፤ ሁለቴም ሐዲዱን ላሳይህ ብዬ ጓሮ ወሰድኩት። እጄ ሥራ እስከያዘ ድረስ አፌ ዝም ቢል ማንም የማይጠይቀው መስሎኝ ነበር። አንቺ ያን ሁሉ ሐሙስ እያጠብሽ ስታሰጪ፣ እኔ እዚህ አሸዋ ስነፋ ከረምኩ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብትዪኝ እንኳ ይህን እኔ ለራሴ ይቅር የምል አይመስለኝም።

ትናንት የጣለው ዝናብ በረሃዬን ጠርጎ አጥር ሥር ከመረው። ሐዲዱ ሁለት ቦታ ተንጠልጥሏል፤ ባቡሯን አውጥቼ ሱቅ አስቀምጫታለሁ። ያ ቤት ግን ቆሟል፤ ጨርቋም አለች። ዩስራ የአያቴን ቤት ጣሪያ እንሥራለት ብላኝ፣ ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮ ቆርጠን አለበስነው። በሩንም መለስኩት።

የፊታችን ጁምዓ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ እንመጣለን። ብቻዬን አይደለሁም። አጎቴ ሷሊህ አለ፣ ኻሊድ አለ፣ ሰአዳም አለች። ብዙ ሆነን በር ላይ ስታዪን አትደንግጪ። ምንም አታዘጋጂ፤ ሰአዳ ሁሉን ይዛ ትመጣለች። አባይነሽ ሐሙስ ማታ አንቺ ዘንድ እንድታድር ልኬባታለሁ፤ ለምን መጣሽ ብለሽ አትመልሻት። ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ጋምቤላ ነይ ብዬ አላስቸግርሽም። እዚያው እሆናለሁ ካልሽ እኔ እየተመላለስኩ እመጣለሁ፤ በዚህ አላህ ምስክሬ ነው።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናው። ሰብሩንና ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ ለእኔም ፊትሽ የምቆምበት ፊት ይስጠኝ። ከዱዓሽ አትነጥይኝ፤ እርግማን ቢገባኝም እንኳ አትርገሚኝ።

ሐሙስ እንደ ልማድሽ ሽርጡን አጥበሽ ካሰጣሽው፣ ማታ አታስገቢው። ገመዱ ላይ ይደር። ጠዋት እኔ አወርደዋለሁ።

ልጅሽ