በትንሿ መስኮት የሚታየው ዘይት

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ብርድ ልብስ አጠብኩ። ነፋስ ስለነበረ ቶሎ ደረቀ። ምስር ለቀምኩ። መምሬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ትንሽ ቀመሱና ተኙ።

ከሰዓት የልጄን የባምላክን ክፍል ጠረግኩ። ሞተሯ እዚያው ናት፣ በግራ ጎኗ አዘንብላ፣ የልጄን ጋቢ ለብሳ። ገልጬ አቧራዋን አራገፍኩላት። ቀይ ናት፣ ቀለሟ ብዙ ቦታ ተልጧል። የድሮ የጃፓን የእሽቅድምድም ሞተር። አዲስ አበባ ገዝቶ እስከዚህ ድረስ ነድቷት ሲመጣ ከተማው ሳቀበት። በባጃጅ አገር በሆዱ ተኝቶ የሚነዳ! እሱ ግን፣ “ከኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች፤ ታላቅ እህቴ ናት፣ አክብሯት” ይል ነበር።

በጥቅምት ነው የሞተው። እሷ አይደለችም የገደለችው፣ ጉበቱ ነው። ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳምንት አልቆየም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ማታ መምሬ፣ “ከፋሲካ በኋላ ትሸጥ” አሉ። “በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ሰው የቆመ ይመስለኛል።”

ሳህኑን አነሣሁ። እኔ ደግሞ ለዚሁ ነው የምፈልጋት... ሰው የቆመ ስለሚመስለኝ። ይሄ ለባል እንዴት ይነገራል?


የካቲት 6፣ ዓርብ

ዛሬ ልቤ ደነገጠ።

ባምላክ ዘይቷን ሲያይ ይጠራኝ ነበር። “እማ፣ ነይ ያዢልኝ!” መሪዋን በሁለት እጄ ይዤ ቀጥ አደርጋታለሁ። እሱ መሬት ላይ በጎኑ ተኝቶ በቀኝ በኩል ያለች ክብ መስታወት ያያል። የአንድ ብር ሳንቲም ብታህል ነው። መስኮት ይላታል። “እማ፣ እንደ ጸናጽል አታወዛውዣት!” ለምን እንደምይዝ ጠይቄው አላውቅም። እንዳትወድቅበት መስሎኝ ነበር። እሱ የሚያየውንም አይቼው አላውቅም። እኔ ሁልጊዜ ያዥ ነበርኩ።

ዛሬ ብቻዬን ተኝቼ በዚያች መስኮት አየሁ። ባዶ።

የት ሄደ? ከሥሯ መሬቱን ዳሰስኩ፣ ደረቅ ነው። ለመስቀል ሰሞን በገዛ እጁ የቀየረው ዘይት ነበር። የመጨረሻ ሥራው። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካትም። ያ ዘይት በሆዷ እስካለ ድረስ የእጁ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር... እንዴት ያልቃል?


የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። ከሱቁ ዘይት ሁሉ የሚበልጠውን ስጡኝ አልኩ። ወርቃማ ጣሳ፣ መኪና የተሣለበት። ባለሱቁ፣ “ለትልቅ መኪና ነው?” አለኝ። ለትልቅ መኪና የሚሆን ለእሷ ያንሳል? ገዛሁ።

ጎረቤቴ አልጣሽ መንገድ ላይ አገኘችኝና ጣሳውን አየች። “ሰኞ ጾም ሊገባ... ወጡን በዚህ ልታቁላዪው ነው?”

“ለሞተሯ ነው።”

“ውይ! መንዳት ጀመርሽ በይኛ! የቄስ ሚስት በሆዷ ተኝታ!” ብላ ሳቀች። ከዚያ እንደሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጇን ትምህርት ቤት የሚያደርስላት ባምላክ ነበር።

ቤት ገብቼ የሞተሯን የዘይት ክዳን ፈታሁ። ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። በመስኮቷ እስኪታይ ድረስ ጨመርኩ። ብዙ ጠጣች። የሱም ከሥር አለ፣ የኔም ከላይ አለ ብዬ ደስ አለኝ።


የካቲት 8፣ እሑድ

ቅበላ። ዶሮ ሠራሁ። የበላነው ጥቂት ነው።


የካቲት 12፣ ሐሙስ

ጣሃን አስጠራሁት። የወልድያ ልጅ ነው፣ እዚህ ባጃጅና ሞተር ይጠግናል። የባምላክ ጓደኛ ነበር። ለቀብሩ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የደረሰ። ዘይቷን ጨምሬያለሁና አንድ ጊዜ አስነሳልኝ አልኩት።

እሱ ሮመዳን ላይ ነው፣ እኔ ሁዳዴ ላይ። “ዘንድሮ እንኳን ብላ ጠጣ ብለው አያስጨንቁኝም” አለና ሳቀ። ከዚያ መሪዋን ይዞ ቀጥ አደረጋት፣ አንገቱን አዙሮ ቁልቁል አየ። ሳቁ ጠፋ።

“እናቴ፣ ማን ነው ይሄን ሁሉ የጋታት?”

“እኔ። ባዶ ሆና...”

“ባዶ አልነበረችም። ስታዘነብል ዘይቱ ወደ ግራ ይሸሻል፣ በቀኝ ሲያዩት የለም። ቀጥ ስትል ነው እውነቱን የምትናገረው። በመስኮቷ ዳር ሁለት ጭረት አለ አይደል? ከታችኛዋ በላይ፣ ከላይኛዋ በታች መሆን አለበት። አሁን አንገቷ ድረስ ነው።”

ስለዚህ ነበር የምይዝለት! ስንት ጊዜ ይዤ...

ጣሳውን አሳየሁት። አገላብጦ አየውና ተነፈሰ። “ጥሩ ዘይት ነው። ለመኪና። የመኪና ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው፣ ለብቻው ደረቅ ቦታ ነው ያለው። የእሷ ግን እዚሁ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው። ይሄ በጣም ያሟልጫል። ፍሪሲዮኑ መጨበጥ ያቅተዋል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይሄድም። ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራ አለ፣ ከጀርባው ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበት። ባምላክ ሌላ አያስገባባትም ነበር።”

“እና?”

“ሁሉም ይውጣ።”

“ሁሉም? የኔን ብቻ... የሱን ለይቶ ማስቀረት አይቻልም?”

ጣሃ መሬት መሬት አየ። “ተቀላቅሏል፣ እናቴ።”


የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ላቆየው ብዬ አበላሸሁት።

ጣሃ ደውሎ ነበር። “ባይጨምሩም መውጣቱ አይቀርም ነበር። ዘይት ቆሞም ያረጃል። ካረጀ ውስጧን ይበላታል። ባምላክ ቢኖር እስካሁን ቀይሮት ነበር” አለኝ። ለማጽናናት ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም። እውነቱን ይመስለኛል።

የሱ እጅ ያለበት ነው ብዬ የያዝኩት እሷን የሚበላ ከሆነ... ምን ያዝኩ ይባላል?

ይውጣ። ከፋሲካ በኋላ ብትሸጥም በሕይወት ትሂድ። ሬሳ ሆና አትሂድብኝ።


የካቲት 18፣ ረቡዕ

ጣሃ በጠዋት መጣ። ባትሪዋን ወስዶ ሞልቶት ነበር። አዲሱን ዘይት አምጥቷል፣ ከጀርባው ያለውን ምልክት በጣቱ አሳየኝ፣ አነበብኩት። ሞተሯን ወደ ግቢ አወጣናት። መጀመሪያ ትርፉን ዘይት ቀነሰላት። “አሁን ሞቅ ትበል። ቀዝቃዛ ዘይት ቆሻሻውን ትቶት ነው የሚወጣው። ሲሞቅ ይዞት ይወጣል” አለ።

አጎንብሶ አስነሳት። አንድ ጊዜ አጉረመረመች። ሁለተኛ። ከዚያ ጮኸች።

አምላኬ ሆይ! ከጥቅምት ጀምሮ እንደ ድንጋይ የቆመች። ግቢው በድምፅዋ ተሞላ። በሩ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሞቶ ነው ተኝቶ ነው የሚባለው?

መምሬ ወጡ። በባዶ እግራቸው፣ ጥምጣም የለ፣ ነጠላ የለ። ሲሮጡ ካየኋቸው ስንት ዘመኔ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩት ሞተሯን አይደለም፣ ከሞተሯ በላይ ያለውን ቦታ ነው። ባዶውን። ከዚያ ጣሃን አጎንብሶ አዩት። እኔን አዩኝ። እንደዚህ አብረን አዝነን አናውቅም ነበር ለካ፣ እሳቸው ለብቻ፣ እኔ ለብቻ ነበር።

ወደ ቤት ይመለሳሉ ብዬ ነበር። አልተመለሱም።

ጣሃ አጠፋትና ከሥሯ ብሎኑን ፈታ። ዘይቱ ወረደ። ጥቁር፣ ድምፅ የሌለው፣ እንደ ገመድ ሳይበጠስ። ጣቴን አስነካሁት። ሙቀቱ የሰው ገላ ነው። ጣሃ እንዳያየኝ ፊቴን አዞርኩ... ቢያይስ?

መምሬ ቀረብ ብለው ቁጢጥ አሉ። “ጣሃ፣ ይሄ በውስጧ በየት ነው የሚሄደው?”

“በብረቱ ውስጥ መንገድ ተፈልፍሎለታል፣ መምሬ። ሲነሳ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሁሉንም ያዳርሳል፣ ከዚያ በራሱ ወደ ታች ይመለሳል።”

“ተፈልፍሎለታል?”

“ተፈልፍሎ ነው እንጂ!”

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከድንጋይ በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀደሱ ሰው፣ ብረቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። “ማን ገብቶ ፈለፈለው?” አሉ ቀስ ብለው። ጣሃ ሊስቅ ነበር፣ ፊታቸውን አይቶ ተወው።

አዲሱ ሲገባ ማር ነው የሚመስለው። ጣሃ የተቃጠለውን ዘይት ጀሪካን ውስጥ ገልብጦ ሊወስደው ሲያነሳ መምሬ፣ “ተወው፣ አትድፋው” አሉት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም።

ሞተሯን ወደ ክፍሉ መለስናት። ጣሃ ሲሄድ፣ “ነገ አስነሥተው፣ አጥፍተው፣ ዘይቱ እስኪወርድ ቆይተው ይዩ። ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልግዎታል” አለኝ።


የካቲት 19፣ ሐሙስ

አስነሣኋት። እኔ! ቁልፉን አዙሬ፣ ጣሃ ያሳየኝን በአውራ ጣቴ ተጭኜ። ያን የሚያህል ጩኸት ከአውራ ጣቴ ሥር ሲነሣ ወደ ኋላ ልወድቅ ነበር። ሞቅ ስትል አጠፋሁ። ዘይቱ እስኪመለስ ተቀመጥኩ።

ደንቆኝ ነው የተቀመጥኩት። እላይ ድረስ ወጥቶ በዚያ ሁሉ ጠባብ መንገድ ተበትኖ፣ ጠሪ ሳይኖረው ጠብ ጠብ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማን ያስታውሰዋል?

አሁን ማን ይያዝልኝ? አልጣሽን ልጥራ? መምሬ ከቅዳሴ ተመልሰው የክፍሉ በር ላይ ቆመው ነበር። ያንን በር ሳያልፉ።

“መምሬ፣ ይያዙልኝ።”

“የቱን?”

“ሁለቱን ቀንዶቿን።”

“እንደ በሬ?”

“እንደ በሬ። ቀጥ አድርገው።”

ያዙ። መሬት ላይ ተኛሁ። መያዙን ስላልለመዱት በመስኮቷ ውስጥ ያለው ሁሉ ይናወጣል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ “እንደ ጸናጽል አያወዛውዟት!”

የማን ቃል እንደሆነ አወቁ። ሳቁ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከሳቃቸው በኋላ ሞተሯ ቀጥ አለች።

አየሁ። በሁለቱ ጭረት መሃል፣ ልኩ ላይ፣ የጠራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ጥሬ ወርቅ። በዚያ አርጅቶ በተላላጠ ብረት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር... ባምላክ ተኝቶ የሚቆየው ለዚህ ነበር? እኔ ወገቤን አመመኝ እያልኩ ስጮህበት እሱ ይሄንን ነበር የሚያየው?

“ምን ታየሽ?” አሉ መምሬ።

“ኑ፣ እርስዎም ይዩት።”

ተለዋወጥን። እኔ መሪዋን ያዝኩ፣ በለመደው እጄ። እሳቸው ጥምጣማቸውን አውልቀው መቀመጫው ላይ አስቀመጡና፣ ሽበታቸው አፈር እየነካ፣ ልክ እሱ በሚተኛበት በኩል ተኙ። ብዙ ቆዩ። ወገቤን አመመኝ። ቢያድሩም እይዝላቸው ነበር።

“ባንችይርጋ።”

“አቤት።”

“ይሄን ነው የሚያየው የነበረው?”

“ይሄን ነው።”

“እና እኔን አልጠራኝም...”

“እንዳይቆጡት ፈርቶ ነው፣ መምሬ።”

ተነሥተው አፈሩን አራገፉ።


የካቲት 26፣ ሐሙስ

እንደገና አየን። ልኩ ላይ ነው። እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው አዩ። የማየት ተራው የኔ ነበር፣ ለቀቅኩላቸው።


መጋቢት 4፣ ዓርብ

መምሬ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ አስመጡ። ልጣጩን ላጡት። ያንን ጀሪካን ከጓዳ አወጡና የተቃጠለውን ዘይት በጨርቅ እየነከሩ ቋሚዎቹን ከታች እስከ ወገባቸው ቀቡ። መሬት የሚገባው እንጨት እንዳይበሰብስ፣ ምስጥም እንዳይበላው እንደዚህ ይደረጋል። አባቴም ያደርጉ ነበር።

“ምን ሊሠሩ ነው?” አልኩ።

“ከቤት ውስጥ ቤንዚን ይሸታል። ክረምት ሳይገባ ጥላ ይሠራላት።”

“ከፋሲካ በኋላ ትሸጣለች ብለው አልነበር?”

አላዩኝም። ጨርቁን እንደገና ነከሩ። “ለዚህኛው ቋሚ ዘይቱ የሚበቃ ይመስልሻል?”

በቃ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በቃ። የሱም የኔም፣ ተቀላቅሎ።


መጋቢት 6፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ በራፉ ላይ ቆመው መስቀል ያሳልሙ ነበር። ሰዉ እየተሳለመ ያልፋል። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ አልኩ፤ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አስነኩኝ፣ ከንፈሬ ላይ አስነኩኝ።

ጥፍራቸው ሥር ጥቁር አለ። ሁለት ቀን በሳሙና ቢፈተግም አልለቀቀም። የባምላክ ጥፍር እንደዚያ ነበር። ለማዕድ ሲቀርብ፣ “ያንን እጅህን ታጠብ!” ብለው የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን አዩ። ሊሸሽጉት አልሞከሩም።

መስቀሉን አንድ ጊዜ ተሳልሜ ነበር፣ እንደገና ጎንበስ አልኩ። ሁለተኛውን የተሳለምኩት እጃቸውን ነው።