የእማዬ ክዳንና የማት እሳት

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ከምሠራበት ክሊኒክ እንደወጣሁ ወደ እማዬ ቤት ነዳሁ። ፖስታ ለመሰብሰብ። ከበሩ ሥር የመብራት ሂሳብ፣ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ፣ የደብሩ ወርኃዊ ወረቀት... እና ከኢንሹራንሱ አንድ ደብዳቤ። «ውድ ወይዘሮ ናንሲ ሩአን፣ የቤትዎ ኢንሹራንስ በራሱ ለአንድ ዓመት ታድሷል። ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም።»

እውነት ነው። ከተቀበረች ከወር በላይ ሆናት፤ ምንም አይጠበቅባትም።

ክፍያውም ከሂሳቧ ተቆርጧል። ባንኩም አልሰማም ማለት ነው። ማን ይነግረዋል? እኔ። መቼ? እንጃ።

ምድጃው ውስጥ ፍም ነበር። የማት ሥራ ነው። የአባዬ የልጅነት ጓደኛ፣ ሰማንያን ያለፉ ጎረቤት። ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀ የአፈር ማገዶ በቅርጫት ይዘው እየመጡ በየቀኑ ያነድዳሉ። ቁልፉ እንደ ሰፈሩ ልማድ በሩ ላይ ተሰክቶ ነው የሚውለው። «ሣር ክዳን ጭስ ካልጠጣ ውኃ ይጠጣል» አሉኝ የቀብሩ ዕለት። አመስግኛቸው ነበር።

ኦክቶበር 29

ለፊንታን ደወልኩ። ወንድሜ ደብሊን ሆኖ ሁሉን ያውቃል።

«ታደሰ? ተመስገን በያ።»

«በሟች ስም እኮ ነው።»

«ታዲያ? አሁን ለሣር ክዳን ኢንሹራንስ የሚሰጥ ማን ቀረ? ሞታለች ያልሽ ዕለት ያስወጡናል። አንዴ ከወጣን የሚያስገባን የለም። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ቤቱን ማን ይገዛዋል?»

መሸጥ ነው ሐሳቡ። እኔ ገና አልወሰንኩም።

«ቢቃጠልስ?»

«አያታችን ከሠሩት ጀምሮ አልተቃጠለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ኢታ።»

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

የውሉን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። ምነው ባላነበብኩት። ቤቱ ከአንድ ወር በላይ ሰው ካልኖረበት እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ተነዶ ቢቃጠል አንዲት ሳንቲም የለም።

ማት ጠዋት ይመጣሉ፣ ሲጨልም ይሄዳሉ። ይህ መኖር ነው? መቀመጥ ነው እንጂ...

ሌላም አለ። የጭስ ማውጫው ፈቃድ ባለው ሰው እየተጠረገ ምስክር ወረቀት ይቀርባል ይላል። የእማዬን ማት ናቸው የሚጠርጉት። ቅጠሉ እሾህ የሆነ ቁጥቋጦ በገመድ አስረው፣ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ፣ አንድ ሰው ከታች፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ ላይና ታች መጎተት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ምስክር ወረቀቱን ከማን ላምጣ? ከቁጥቋጦው?

ኖቬምበር 5

ለኢንሹራንሱ ደወልኩ። «ለእድሳት አንድን ይጫኑ፣ ለጉዳት ሁለትን...» ዘጋሁት።

ኖቬምበር 6

ከሥራ በኋላ ቤቴ መግባት ሲገባኝ ወደ እማዬ ቤት ነዳሁ። ከኩርባው ላይ ጭሱን ሳይ ፍሬን ረገጥኩ። የጭስ ማውጫው ጭስ ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ሳልወርድ ተመለስኩ። በዚህ ሳምንት ስንተኛዬ ነው? ቤንዚን መጨረስ ሆነ ሥራዬ።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው።

«ማት፣ እሳቱን ይተዉት።»

«ማን አለ?»

«ኢንሹራንሱ።»

«ኢንሹራንሱ ክዳን ከድኖ ያውቃል?»

«ቢቃጠል አይከፍሉንም።»

«ቢበሰብስስ ይከፍላሉ?»

«አይከፍሉም።»

«እንግዲያው አንቺም ደረቁን ቤት ያዥ።»

ቁልፉን ከበሩ ላይ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። አዩኝ። ቅርጫታቸውን አንስተው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ፍሙ ላይ አመድ ጭሬበት ሄድኩ።

ልክ ነኝ። ልክ ከሆንኩ ለምን እራቴ አልበላ አለኝ?

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ ከባሕሩ ነፋስና ዝናብ። ቤቱ ሸተተ... እንደ ቆየ እርጥብ ድርቆሽ። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ላብ አውጥቷል። የእማዬን አልጋ ልብስ ዳሰስኩት፣ ቀዘቀዘኝ። እስከ ማርች ሻግቶ አረንጓዴ ይሆናል።

ከመንገዱ ላይ ጭስ ሳይ እደነግጥ ነበር። አሁን ሳላይ እደነግጣለሁ።

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

ሱፐርማርኬት ውስጥ የማት የወንድም ልጅ ሚስት ያዘችኝ። ኦርላ ናት። ማት ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ከላይ ባለው አዲሱ ቤት።

«ሰውዬውን ምን አደረግሽብኝ?»

«ምን ሆኑ?»

«መኪናው ውስጥ ነው የሚውሉት። ግቢያችን ውስጥ በቆመ መኪና። የሚወርዱት ለምሳ ብቻ ነው።»

«ቤታችሁ ይሞቅ የለም እንዴ?»

«ይሞቃል። በማሽን ነው የሚሞቀው፣ ጭስ ማውጫ የሚባል የለውም። ካፖርታቸውን አውልቀው አያውቁም። ‹ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ የማላይበት ቤት አልቀመጥም› ይሉኛል። እናትሽ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ እናንተ ቤት ነበር የሚውሉት። እኔም አልከፋኝም፣ ውነቱን ልንገርሽ። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ቀን ከዋልን አንዳችን እንታሰራለን።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

እኔ እሳቱ ለክዳኑ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ኖቬምበር 20

ደወልኩ። ለኢንሹራንሱ። በዚህ ጊዜ አልዘጋሁም።

ስልኩን ያነሳችው በድምፅዋ ልጅ እግር ናት። የእማዬን መሞት ስነግራት አዘነች፣ ከልቧ መሰለኝ። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ።

«ቤቱ ውስጥ የሚኖር አለ?»

«የለም።»

«እሳት ይነዳል?»

«እስከ ሰሞኑ ድረስ በየቀኑ።»

«ማን ነበር የሚያነድደው?»

«ጎረቤት።»

ብዙ ጻፈች። ስትመለስ ድምፅዋ እንደ ወረቀት ደርቋል። በቋሚነት የሚኖርበት ሰው ካለ ውሉ ለወራሾቹ ይተላለፋል። ከሌለ በወሩ መጨረሻ ይቋረጣል። ቤቱን የሚያይ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይልካሉ።

ፊንታን፦ «አብደሻል? እሺ፣ ‹እኔ እኖርበታለሁ› በያቸው።»

«ሥራዬ ባሊና ከተማ፣ ቤቴ ባሊና...»

«ኑሪ ማን አለሽ? በያቸው ነው ያልኩሽ። የሌሊት ልብስሽን አልጋው ላይ ጣል አድርጊ፣ የጥርስ ብሩሽ አስቀምጪ፣ በቃ።»

ኖቬምበር 25

የሌሊት ልብስ ገዛሁ። የራሴን ለምን አልወሰድኩም? ለውሸት የራሴን ማዋስ ቀፎኝ ይሆናል። አልጋው ላይ አነጠፍኩት። ብሩሽም አስቀመጥኩ። እሳት አነደድኩ፣ ሰው ያለበት እንዲመስል... ማትን የከለከልኳቸውን እሳት።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

የተላከችው ሴት ቦት ጫማ ያደረገች፣ ሽበታም፣ ወሬ የማታበዛ። ግድግዳውን በመሣሪያ ወጋች። አንገቷን ምድጃው ውስጥ አስገብታ ወደ ላይ አየችና የደረቀ እሾሃማ ቅጠል ይዛ ወጣች። ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ክዳኑን በእጇ ሳብ ሳብ አደረገች። «ጥሩ ክዳን ነው» አለች። «እሳት ካልነደደ ግን በአንድ ክረምት ይበሰብሳል።»

ማት ጭሱን አይተው መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የበሩን ደፍ አላለፉም።

«እዚህ የሚኖረው ማነው?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ማት እያዩኝ ነው።

«ማንም» አልኩ። «የሌሊት ልብሱን እኔ ነኝ የጣልኩት።»

«አይቼዋለሁ። የዋጋው ወረቀት ገና አልተነቀለም።»

ጆሮዬ ጋለ። እስክሪብቶዋን አነሳች። የምትጽፈውን አውቃለሁ። ከጻፈችው በኋላ ኢንሹራንስ የለም፣ እሳት የለም፣ ቀጥሎ ክዳን የለም። ዞር አልኩ።

«ማት፣ እዚህ ለምን አይኖሩም?»

«የት?»

«እዚህ። ጠቅልለው። ማታም ጭምር።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። መልሰው ደፉ።

«የናንሲ አልጋ ላይ አልተኛም።»

«የፊንታን ክፍል አለ።»

«ፊንታን ምን ይላል?»

«ይጮኻል።»

«ድሮም ጩኸታም ነበር።» ወደ ሴትየዋ ዞሩ። «እኔ ብኖር ማንደድ ይቻላል?»

«ጭስ ማውጫው በባለሙያ ከተጠረገ። ጭስ ሲሸት የሚጮህ መሣሪያ ከተሰቀለ። ቁጥቋጦ ግን አይሆንም።»

«ቁጥቋጦው ምን በደለ?»

«ይጫጭራል። ድንጋዩ መሐል ያለውን ኖራ ያወጣዋል፣ በዚያ ስንጥቅ ነው ፍንጣሪው ክዳኑ ውስጥ የሚገባው። እንዲህ የተቃጠሉ ሁለት ቤት አይቻለሁ።»

ማት ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ረጅም ጊዜ። «አባቴም በዚያው ነበር የሚጠርገው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ኖቬምበር 27

ፊንታን ጮኸ።

«ነገ ማት አልወጣም ቢሉስ? ሰው ያለበትን ቤት እንዴት ነው የምንሸጠው?»

«አንሸጠውም።»

«አንቺ ነሽ የምትወስኚው?»

«ግማሹ ያንተ ነው። ና፣ ራስህ አስወጣቸው። ‹ማት፣ ውጣ› በላቸው፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

እሳቸው ናቸው ብስክሌት ያስተማሩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

ዲሴምበር 2

ፊንታን የውል ማስተላለፊያውን ወረቀት ፈርሞ ላከ። አንዲት ቃል አልጻፈበትም። ቅያሜው ይቆያል... በገና ላይመጣ ይችላል።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ኦርላ የማትን ዕቃ በመኪና አመጣች። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ሬዲዮ። የእማዬን ቁም ሣጥን ባዶ አደረግኩ። ልብሶቿ ከእኔ ጋር ባሊና መጡ፤ የት እንደማደርጋቸው አላውቅም። ባንኩም ተነግሮታል። አሁን በሁሉም ቦታ ሞታለች።

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

አዲሱ ውል መጣ። ቅጂውን ይዤላቸው ሄድኩ። ዝናብ፣ ነፋስ፣ ከኩርባው ላይ ጭስ። ሳልደነግጥ ማለፌ የገባኝ መኪናውን ካቆምኩ በኋላ ነው።

በመስኮቱ አየሁ። የእማዬ ወንበር ከምድጃው ርቆ ግድግዳው ጥግ ተደርጓል። በእሱ ቦታ ድሮ ማት የሚውሉበት ወንበር ነው ያለው። ካፖርታቸው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። በሸሚዝ ናቸው። ሬዲዮው ይጮኻል፣ እግር ኳስ ነው መሰለኝ።

እጄን እንደ ልማዴ በሩን ልገፋው አነሳሁት... ቆምኩ።

አንኳኳሁ። በዚህ በር በሕይወቴ አንኳኩቼ አላውቅም።

ሬዲዮው ዝቅ አለ። «ማነው?»

«ኢታ ነኝ።»

«ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ።»

ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኳቸው።