ሸሚዝ የለበሰው ሐውልት

ይድረስ ለወንድሜ ለጋረደው። ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? እኛ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ካንተ ናፍቆትና ከዚህ እሳት ከሆነ ሙቀት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ቀኑን ሙሉ ታነብበት በነበረው ቤተ መጻሕፍት የአትክልት ስፍራ ውስጥ ሐውልት ቆሟል። መጽሐፍ ዘርግቶ የተቀመጠ የሲሚንቶ ሰው ነው፤ ከሥሩ «ዕውቀት ብርሃን ነው» ይላል። ግንበኛው ደመቀ መልክ ቢቸግረው ያንተን ሰጠው። ያንን አፍንጫህን እንኳ አልማረህም!

ሰሞኑን አንድ ነጋዴ ከመተማ መጣ። አባባን ደርግ ሳይወስዳቸው ላምጣቸው ብለህ ድንበሩን ከተሻገርክ ወዲህ አይቶህ እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ፣ ወስጄ ሐውልቱን አሳየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ሙቀቱ ነው አልኩ።

በማግሥቱ እማዬ ነጭ ሸሚዝህን ከሣጥን አውጥታ ሐውልቱን አለበሰችው። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዙሪያውን ተቀመጡ። በድንጋይ አባረርኳቸው። «ሥራ ፈት ሁሉ! የሚያነብ ሰው አይታችሁ አታውቁም?» አልኳቸው። ውዴ አብዳለች ይላሉ፤ ይበሉ። ቄሱም የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ። ጠፋኝ አልኳቸው።

ሸሚዝህን አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀምጬልሃለሁ። እማዬ ፀጉሯን ተላጭታለች። እሱም ለሙቀቱ ነው።

በል ደኅና ሁን፤ የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። ያ የሲሚንቶ ሰው መልክህን ይዞ እስከ ዛሬ አንዲት ገጽ አልገለጠም። አንተ ግን ይህችን ወረቀት ገልጠህ አንብባት፤ መልሱንም በራስህ እጅ ጻፈው።

እህትህ ውዴ