በበሩ ስላላለፉት ቁም ሳጥኖች

ለተከበሩ የግዥ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ለወገብዎም ልዩ ብርታትን እመኛለሁ፤ በመሥሪያ ቤትዎ ኮሪደር በጎን መሄድ ግድ ከሆነ ወዲህ ወገብ ብዙ ይፈተናልና።

በብክነት ቅነሳው ሥልጠና ላይ ከፊት ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ የነበርኩት የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት እኔ ነኝ። ትምህርቱ ለፋብሪካ ቢሆንም እርስዎ ለውል ድርድር አዋሉት፤ እኔም አጨበጨብኩ። አሁን ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. የቆመ ሰው አይጨቃጨቅም ብለው ወንበሮቹን ከስብሰባ ክፍሉ ስላስወጡልን አመሰግናለሁ። ጉልበቴን እንዳመመኝ ላለመናገር ስል በሁሉም ነገር ተስማምቻለሁ።

2. «አቅራቢው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክፍሉንና በሩን ይለካል» የሚለውን አንቀጽ የምልልስ ብክነት ነው ብለው ሲሰርዙ፣ እስክሪብቶውን ያቀበልኩዎት እኔ ነበርኩ።

3. ርክክቡ የሚፈጸመው ዕቃው መዝገብ ቤት ሲገባ ነው የሚለውን ግን አልሰረዙትም። ቁም ሳጥኖቹ ከበሩ ሰፍተው ኮሪደር ላይ ቀርተዋል። እስከ ዓርብ ካልገቡ ውሉ እንደሚፈርስ ጽፈውልኛል፤ ከፈረሰ አናጢዎቼን አሰናብቼ የሥራ ቤቴን እዘጋለሁ። ደብዳቤዎ ሰላምታ እንኳ ያልባከነበት በመሆኑ አድንቄዋለሁ።

4. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ፈታትቶ ማስገባት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ብሎን ብክነት ነው ብዬ ሁሉንም በኮላ አጣብቄአቸዋለሁ። ኮላው እጅግ ጥሩ ነው።

የሥራ ቤታችን ለኪ ታላቅ እህቴ ናት። በድርድሩ ዕለት ጥያቄ ታበዛለች ብዬ ውጭ አስቀምጫት ነበር። ትናንት መጥታ በሩን አየች፣ ቁም ሳጥኑን አየች፣ ከዚያም «እኔን ውጭ አስቀምጠህ፣ በሩን ማን ለካልህ?» አለችኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አላለችም፤ ሜትሯን ዘረጋች። በእርሷ ልኬት መሠረት የበሩ መቃን ከተነሣ ዕቃው ለጥቂት ያልፋል። ስለዚህ ከዓርብ በፊት መቃኑን እንድናነሣ፣ መልሰንም እንድንተክል ይፈቀድልን። ለመደራደር የምትመጣው እርሷ ናት፤ እርሷ ደግሞ ቆማ አትደራደርም።

በድርድር ፍጥነቱ ሲኮራ የነበረው፣ አሁን በገዛ ኮላው የተጣበቀው፣
አክባሪዎ የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሕንፃው የቀረው ወንበር የእርስዎ ብቻ እንደሆነ ተረድተናል። እህቴ በመጨረሻው ቁም ሳጥንና በቢሮዎ በር መካከል ያለውን ክፍተት ለክታዋለች፤ ሰው ያልፋል፣ ወንበር አያልፍም። ስለዚህ ድርድሩ እርስዎ ዘንድ ይሆናል፤ እርሷ ተቀምጣ፣ እርስዎ ቆመው። የቆመ ሰው አይጨቃጨቅም።