ያልሳልሽው ሻሽ

ውድ ካሮል፣

እንደታመምሽ እሌኒ ነግራኛለች። ልትስይኝ የመጣሽ ቀን ይዛሽ የመጣችው ነርሷ እሌኒ ማለቴ ነው። ደብዳቤሽንም ጤና ጣቢያ አስጠርታኝ አንብባልኛለች። ሳልሞት ይቅር በይኝ ብለሻል። መልሴን በአማርኛ ጽፌልሻለሁ፣ እሷ ትተረጉምልሻለች። እንዳታለሳልሰውም አስምያታለሁ።

እኛ ቤት ስትመጪ ባሌ ያሕያ ከሞተ ብዙ አልቆየም፣ ዒዳ ላይ ነበርኩ። በእኛ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፣ ባዕድ ወንድ አያያትም። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ገባሽ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት የምታውቂው ነው፤ ፀጉሬን ታጥቤ፣ ያለ ሻሽ ቁጭ ብዬ በካርቶን እያራገብኩ ነበር። እንዲሁ እንዳለሽ ልሳልሽ አልሽኝ።

«ሻሼን አድርጊበት እንጂ፣ ስዕሉን ወንዶችም ያዩታል» ብዬ በእሌኒ አስነገርኩሽ።

«እሺ፣ በኋላ እጨምረዋለሁ» አልሽ።

እየሳልሽ ስለ እናትሽ አወራሽኝ። በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችሽ። አንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ ተንሸራቶ አነሳትና አገር ምድሩ አየው። ከዚያ ወዲያ ከሰው ፊት ጠፋች። «እኔ ሠዓሊ የሆንኩት ድሆችን በክብር ልስል ብዬ ነው» አልሽኝ። የፋብሪካ ልብስ ሰፊዎችን፣ ከሥራ የተባረሩ ማዕድን ቆፋሪዎችን ከስልክሽ ላይ አሳየሽኝ። ያምሩ ነበር፣ አልዋሽም። እኔ ሞኟ የራሴ ሐዘን አልበቃ ብሎኝ ለእናትሽም አለቀስኩላት።

ሻሹን አልጨመርሽውም። ስዕሉ ተሸለመ፣ በየስልኩ ዞረ፣ ካራቆሬ ድረስ ደረሰ። እዚያ የሚኖረው የባሌ ወንድም ሰዲቅ ገበያ መሐል ሰው ስልክ ላይ አየኝና ቤቴ ድረስ መጣ።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ፀጉርሽን በትነሽ ለፈረንጅ ተቀመጥሽ? ይቺን ልጅ አንቺ አታሳድጊያትም» አለና ልጄን ኑርሃንን ይዟት ሄደ። ሽማግሌ ብልክበት ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ደብዳቤሽ ላይ «ሻሹ ሐዘንሽን ይሸፍነው ነበር» ትያለሽ። ሐዘኑ የኔ ነው፣ ልሸፍነው ብፈልግስ ምን አገባሽ? ለተበደሉ ሴቶች ተቆርቋሪ ናት ይሉሻል አሉ። እኔ ባል ሞተብኝ እንጂ አንቺ እስክትመጪ ድረስ ማንም አልበደለኝም።

ባለፈው ኢድ ካራቆሬ ሄጄ ሰዲቅ ደጅ ቆምኩ። ኑርሃን ወጣች፣ ቁመቷ ተመዟል። ትክ ብላ አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ፣ «አጎቴ፣ የስዕሏ ሴትዮ መጥታለች» አለች። ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አስሬ ነበር።

ስትስይኝ የዋልሽ ዕለት እናትሽ ፎቶ አንሺውን ይቅር ብላው እንደሆነ ጠይቄሽ ነበር። ብሩሽሽን አስቀመጥሽና «እስክትሞት ይቅር አላለችውም፣ ደግ አደረገች» አልሽኝ።

አላህ ሕመምሽን ያቅልልሽ፤ ይህንን ከልቤ ነው የምለው። በሌላው ግን እንደ እናትሽ ነኝ።

የኑርሃን እናት
ሩዋይዳ
ከሸዋ ሮቢት