ለብቻ አያስገባም

ለምወድሽ፣ አንዳንዴም ለምፈራሽ ለበኩር ልጄ፤

ለአንቺ ለአራሷ፣ እንቅልፍ ለከለከለሽ ለዚያ ለጡጦ ሹም፣ እንዲሁም ቆሞ መተኛት ለምዷል ላልሽው ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ እኔም ሳላባብለው እወጣለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶናል። እናቴ ወደ እኔ ትምጣና ሕፃኑን ትያዝልኝ፣ አባዬ ደግሞ ወንድሜ ዘንድ ይኑር፣ ቤቱንም ልቀቁት ብለሻል። ከወንድምሽ ጋር መክራችሁ መጨረሳችሁ ገብቶኛል። እኔ ልጆች የሚካፈሉት አባት ከሞተ በኋላ ይመስለኝ ነበር፤ ያኔም ቢሆን የሚካፈሉት ዕቃውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። እናትሽን ለራስሽ አስቀርተሽ እኔን ወደ እሱ መግፋትሽ ግን ዕቃ መምረጥ እንደምታውቂ ያሳያል።

መልሴ ከመምጣቱ በፊት የሰሞኑን ወሬያችንን ስሚ።

ጡረታ ከወጣን ወዲህ አገር ማየት ጀምረናል። ፀሐይ በማይጠፋበት በዚህ አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር፣ ሰው ከዓለም ዳር የሚመጣለትን ጥንታዊ ፍርስራሽ እኔ የማውቀው የሲሚንቶ መኪና ላይ ተጭኜ ሳልፍ ነው። እናትሽ ጭራሽ አታውቀውም። እሷ የምታውቀው የሆስፒታሉን የአንሶላ ማጠቢያ ነው፤ እሱ ደግሞ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። አሁን በየሐሙሱ ባርኔጣችንን ደፍተን በአውቶቡስ እንወጣለን። ለጥንታዊ ቦታዎቹ ሁሉ የሁለት ሰው የዓመት መግቢያ ካርድም አውጥተናል። ፎቶአችን ጎን ለጎን አለበት፤ እኔ ሙሽራ፣ እሷ ምስክር መስለናል።

አንድ ሐሙስ አሮጌው ቲያትር ገባን። ድንጋዩ ሲሚንቶ የለው፣ ብረት የለው፣ ተነባብሮ ብቻ ይኸው ስንት ዘመን ቆሟል። ከኪሴ ውሃ ልኬን አውጥቼ ባስቀምጥበት አረፋዋ ወለም ሳትል መሐል ላይ ቆመች። ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ መጣ። እናትሽ ምን አለችው መሰለሽ? ተወው ልጄ፣ ግንበኛ ነው፤ ሥራውን ሊረከብ መጥቶ ነው፣ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ረቡዕ ዕለት ነው። እናትሽ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች። ልጄ ጠርታኝ እንዴት አልሄድም እላለሁ አለች። እኔስ ብላት፣ አንተማ ትልቅ ሰው ነህ አለችኝ። በሰባ አራት ዓመቴ ትልቅ ሰው መባል እንዲህ ያናድዳል ብዬ አላሰብኩም። ሐሙስ ጠዋት ካርዱን ኪሴ ከትቼ ብቻዬን ወደ አሮጌው ምሽግ ሄድኩ።

በሩ ላይ ያለችው ቲኬት ቆራጭ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ሁለተኛዋስ አለችኝ። ቤት ናት አልኳት። እንግዲያው ይህ ለብቻ አያስገባም፣ የሚሠራው አብራችሁ ስትመጡ ነው አለች። እኔ እኮ አርባ ሁለት ዓመት በትዳር የኖርኩ ሰው ነኝ ብላት፣ እንዲያማ ከሆነ አባባ፣ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ሊገባዎት ነበር አለችኝ። ግንቡ ጥላ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።

እዚያ ሆኜ ስለ ቁልፋችን አሰብኩ። ታስታውሻለሽ፣ ያለን አንድ ቁልፍ ነው። እኔ ማታ ከግንባታ ስመለስ እሷ ወደ ማጠቢያው ስትወጣ፣ ደጃፍ ላይ ቁልፍ እንቀባበል ነበር። አልጋችን ለዓመታት አልቀዘቀዘም፤ አብረን ስለተኛንበት ግን አይደለም። እናንተንም ያሳደግናችሁ በፈረቃ ነው፤ ቀን የእናት ልጆች፣ ማታ የአባት ልጆች። ስለዚህ አሁን ለሁለት ስትከፍይን ያመጣሽው አዲስ ነገር የለም። እኛው ያስተማርንሽን ነው የደገምሽው። አልተቀየምኩሽም፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ከቀጣዩ አውቶቡስ እናትሽ ወረደች። ባርኔጣዋን ደፍታለች፣ ሻንጣ አልያዘችም። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ረስተህ ወጣህ፣ በምን ልትገባ ነው አለችኝ። አንቺ ቤት ካለሽ ቁልፍ ምን ያደርግልኛል ልላት ብዬ ዋጥኩት። ቲኬት ቆራጯ ሁለታችንንም አንድ ጊዜ ገረመም አድርጋ አሳለፈችን። ግንቡ አናት ወጥተን ባሕሩን ስናይ ዋልን። ቤት ስንመለስ ሻንጣው አልጋ ሥር ገብቷል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ግንበኛ የቆመ ግድግዳ አይነካካም።

መልሴ እንግዲህ ይኸውልሽ፤ እናትሽ ለብቻዋ አትመጣም፣ እኔም ወንድምሽ ዘንድ አልሄድም፣ ቤቱንም አንለቅም። ከዚህች ቃል ወይ ፍንክች። የምትቆጪ ከሆነ እኔን ተቆጪ፤ እሷ ይህን መጻፌን አታውቅም፣ ወጥ ቤት ተደብቄ ነው የምጽፈው። በነገራችን ላይ የድሮ ክፍልሽን ቀለም ቀብቼዋለሁ። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ቀለም ተርፎ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ፖስታ ፍለጋ መሳቢያውን ከፈትኩ። አድራሻሽ በእናትሽ እጅ የተጻፈበት፣ ቴምብሩ የተለጠፈበት ፖስታ ተቀምጧል። ሳነሣው ውስጡ አንድ ነገር ኳኳ አለ። አዲስ የተቀረጸ የቤታችን ቁልፍ ነው፤ ጥርሱ ገና ያበራል። ይህን ደብዳቤ አጥፌ ከጎኑ እከተዋለሁ፤ ማየቴን እንዳትነግሪብኝ።

ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፤ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

በፈረቃ ያሳደገሽ፣ አሁን ግን ሙሉ ቀን ቤት ያለው

አባትሽ