የወንድምአገኝና የሞተሬ ነገር

ኅዳር 18

የሞተር ሳይክሌን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀየርኩ። አሮጌው ዝገት መስሎ ነበር። በረድ እስክትል ጠበቅኩ፣ ከታች ያለችውን ብሎን ፈትቼ አፈሰስኩ፣ አጥቤ በውርጭ የማይረጋውን አረንጓዴ ፈሳሽ ሞላሁ። አየሩ እስኪወጣ አስነስቼ ቆምኩ። የቢሮ ሰዎች በረንዳ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ሥራ የላቸው!

"የእንስሳት ሐኪም ነሽ ወይስ ጋራዥ? ውሃ ገልብጪበትና ተገላገይ!" አለ አንዱ።

ሮብ ገበያን በመሰለ ደጋ ከተማ፣ በዚህ ውርጭ፣ ውሃ! ጧት ጧት የባልዲው ውሃ ግግር ሆኖ እያየ እኮ ነው የሚያወራው።

ወንድምአገኝ ከደብረ ማርቆስ ደወለ። እሁድ ሳምንት ሽማግሌ ይልካል። "ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ።" ለአባቴ... እኔስ? ይሁን። ደስ ብሎኛል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ኅዳር 21

ወንድምአገኝ መጥቶ ሞተሬን ወሰደ። ለጊዮርጊስ ንግሥ ዲማ ገዳም ሊሄድባት።

"ስትሞቅ ክዳኑን እንዳትከፍት። ቢጎድል እንኳ ደውልልኝ እንጂ ምንም እንዳትጨምር።"

"እኔ ሕፃን ነኝ?"

ሞተር ላይ ከሕፃን ይብሳል። በአራተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ሰው! ሳቅኩና ቁልፉን ሰጠሁት።

ኅዳር 24

መለሳት። አጥቧታል ደግሞ፣ ሰው ይይልኝ ብሎ። ትርፍ ፈሳሽ የሚቀመጥባትን ትንሿን ፕላስቲክ አየሁ፤ አረንጓዴው መስመሩ ላይ ነው።

"ምንም አልነካህም?"

"ኧረ ምንም!"

ዓይኔን ግን አላየኝም... ወይስ እኔ ነኝ ነገር የምፈልገው?

ኅዳር 26

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!

ጧት እማማ ፋንታነሽ ሰው ላኩብኝ። ላማቸው ምጥ ይዟት ጥጃው አልወጣ ብሏል። ወደ ሞተሬ ሮጥኩ። ራዲያተሩ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ በረዶ ወጥቷል። ነጭ በረዶ! አረንጓዴው የታለ? ትንሿ ፕላስቲክ ውስጥ ብቻ። እሷን አይቼ ነው የተታለልኩት።

በእግሬ ሄድኩ፤ እየሮጥኩ፣ እየቆምኩ። ስደርስ ላሟም ጥጃውም ሞተዋል። ሌላ ላም የላቸውም። እማማ አልተቆጡኝም። "ደክሞሻል ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ።

ኅዳር 27

ማርቆስ ወርጄ ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

"ውሃ ሞልተህባታል።"

"ውሃ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ጠበል ነው።"

ከዲማ በጄሪካን ያመጣውን! ከዚህ በፊት ብሎኗን ስፈታ አይቶኛል ለካ። አረንጓዴውን መሬት ላይ አፍስሶ ጠበል ሞላበት። ትንሿን ፕላስቲክ አላወቃትም እንጂ እሷንም አይምራትም ነበር።

"ለሥራ የምትሄጂበት ያ ገደል መንገድ ያሰጋኛል። እንዲጠብቅሽ ብዬ እኮ ነው። ጠበል በረዶ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ?"

ዲግሪ አለው ይሄ ሰው። ጠበል ይጠጣል፣ ይጠመቁታል፤ ራዲያተር ውስጥ ግባ የተባለው መቼ ነው?

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ትስቂብኛለሽ ብዬ።"

እስቅበት ነበር፤ እውነቱን ነው። ስቄ ግን ያን ቀን አፈስሰው ነበር። ላሟም አትሞትም ነበር። ይቺን ነገርኩት። "ለላሟ አዝናለሁ፣ ግን እሁድን አታበላሺብኝ" አለኝ። እሁድን!

ኅዳር 29

ሽማግሌዎቹ መጡ። አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። "ልጅዎን ለልጃችን" አሉ መምሬ ወልደ ገብርኤል። አባባ ፈገግ ብለዋል፤ እሺ ሊሉ ነው። ሳልጠራ ገባሁ።

"እኔን የጠየቀኝ አለ?"

"ያለምወርቅ!" አሉ አባባ።

መምሬ ግን ወሬውን ሰምተውታል። "ልጄ፣ ያጠፋው እኮ ላንቺ ብሎ ነው።"

"አዎ፣ ለኔ ብሎ። ሞተሬን ሲያፈስም ለኔ ብሎ፣ ሲዋሸኝም ለኔ ብሎ፣ እናንተን ሲልክም ለኔ ብሎ። አንዱንም ሳይጠይቀኝ! ይቅርታ አድርጉልኝ አባቶቼ፣ አላገባውም።"

እንደቆሙ ወጡ። አባባ እስካሁን አላናገሩኝም። እሱ ሲደውል ዋለ፤ አላነሳሁም።

እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ገደሉ ያሰጋኛል ሲል ከልቡ ነበር... ግን ንቄዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ሲዋሸኝ ልጠብቅ ነው? እየተነሳሁ ትንሿን ፕላስቲክ ሳይ ልኖር ነው?

ነገ እማማ ፋንታነሽ ቤት እሄዳለሁ። ለምን እንደዘገየሁ አልጠየቁኝም። ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።